ጆሮው እና ሦስተኛው ሳንቃ

ባሌ ላይ በግራ ትከሻው በኩል ቆሜ ማጉረምረም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ እዚያው አጠገቡ ሆኜ ነው። «ጫማህን በር ላይ አውልቅ ስልህ ስንት ጊዜዬ ነው፣ አንተ ደረቅ ሰውዬ» እላለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እሱ ጋዜጣውን ያገላብጣል። አንዳንዴ ደግሞ፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ደግ ደጉንም እለዋለሁ። ሰውን ፊት ለፊት ማሞገስ አልተፈጠረብኝም፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ስለዚህ ስድቡንም ሙገሳውንም በዚያው በግራ በኩል እልክለታለሁ፤ አንዱም አይደርሰውም።

የግራ ጆሮው አይሰማም። የቀኙም ቢሆን እየደከመ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ልጃችን ታውቃለች፣ የጎረቤት ድመት ሳትቀር ታውቃለች። የማያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ወይም ላለማወቅ ቆርጦ ተነስቷል። «አልሰማሁም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ያልሰማውን ነገር ወይ ራሱን ይነቀንቅለታል፣ ወይ ይስቅለታል፣ ወይ «እሱማ ነው» ይለዋል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን አባቷ ታመው ሆስፒታል መግባታቸውን ስትነግረው «እሱማ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብሏት እኔ ነኝ በር ድረስ ተከትዬ ይቅርታ የጠየቅኳት።

ነገሩ በሌላ ሰው ቢደርስ እንዲህ ባልከበደ ነበር። የባሌ ቅጽል ስም ግን «ጆሮው» ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት መካኒክ ሆኖ ሲሠራ ያወጡለት ስም ነው። ማሽን ሲበላሽ ሌሎቹ መካኒኮች ክዳኑን ፈትተው ብሎኑን ሁሉ መሬት ላይ ይዘረግፋሉ። እሱ ግን ረጅም ካቻቪቴ ያወጣና ጫፉን ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ቆይቶ «ሦስተኛው ሮለር፣ በቀኝ በኩል ያለው ኩሽኔታ» ይላል። ሲፈቱት ያው ነው። አንድ ነገር ግር ባላቸው ቁጥር «ጆሮው ይምጣ» ነበር የሚሉት። ያ ሁሉ ዓመት አጠገቡ ሲጮሁ የኖሩት ማሽኖች ናቸው እንግዲህ ጆሮውን የበሉት።

ጡረታ ሲወጣ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ሊውል ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። የድሮ ፍራሽና የተሰበረ ወንበር የምናጉርበትን የኋላውን ክፍል አጸዳና በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን መሥራት ጀመረ። ለማያውቀው ሰው፣ ነገሩ የብረት ጠረጴዛ ነው። ከጠረጴዛው በላይ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ጭንቅላት አለው። ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ መቁረጫ ይሽከረከራል። ኮምፒውተሩ ላይ የሳልከውን እንጨቱ ላይ ይቀርጽልሃል። ጭንቅላቱን የሚያንቀሳቅሱት ሞተሮች ስቴፐር ይባላሉ፤ ባሌ ሥራ ካቆሙ ትልልቅ ፎቶኮፒ ማሽኖች ሆድ ውስጥ ነው ያወጣቸው።

ስቴፐር በእርምጃ የሚሄድ ሞተር ነው። ኮምፒውተሩ «ሁለት ሺህ እርምጃ ሂድ» ይለዋል፣ እሱም ይሄዳል። ችግሩ፣ ይድረስ አይድረስ ዞሮ የሚያየው የለም። መቁረጫው እንጨቱ ውስጥ ጠንካራ አንጓ ገጥሞት ሞተሩ ሃምሳ እርምጃ ቢያጎድል፣ ኮምፒውተሩ ደርሷል ብሎ ያምናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረጸው ሁሉ ያንኑ ያህል ወደ ጎን ይንሸራተታል። ደግነቱ ሞተሩ እርምጃ ሲያጎድል «ግር» የምትል አጭር ድምፅ ያሰማል። ባሌም እንደ ማተሚያ ቤቱ ዘመን ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ ደግፎ፣ ጆሮውን ለጥፎ፣ ሌላውን እጁን ቀዩ ማቆሚያ ቁልፍ ላይ አድርጎ ይቆማል። ግር ሲል ያቆመዋል፣ ወደ መነሻው ይመልሰዋል፣ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ እያለ የግድግዳ ሰዓት ሠራ፣ ሳጥን ሠራ፣ ለእኔም የክር ማስቀመጫ ቀረጸልኝ። በሁለተኛው ዓመት ግን ሥራው ወለም ዘለም ማለት ጀመረ። አንዱ ሰዓት ላይ ዘጠኝ ቁጥር ስምንትን ተደግፋ ወጣች።

«እንጨቱ ነው» አለ።

ልጃችን ዓይነ ስውራን ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ትምህርት ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ አዲስ ሕንፃ ሠርቶ ነበር። ልጆቹ የድሮውን ግቢ በእግራቸው ሸምድደውታል፣ አዲሱን ግን ማንም አያውቀውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣችና ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፦

«አባዬ፣ የሕንፃውን ካርታ እንጨት ላይ ትቀርጽልኛለህ? በጣት የሚነበብ፤ ግድግዳው ከፍ ያለ፣ በሩ ክፍት፣ ደረጃው ሸንተረር ሸንተረር ያለ፣ የክፍሎቹ ስም በብሬል ነጠብጣብ የተጻፈ። ትምህርት ሲጀመር መግቢያው ላይ እንሰቅለዋለን» አለችው።

«መቼ ነው የሚጀመረው?»

«የዛሬ ወር።»

«በሳምንት ውስጥ ታገኚዋለሽ» አለ አፉን ሞልቶ።

«ግን አባዬ፣ ልክ መሆን አለበት። የጣት ወርድ ያህል ቢሳሳት፣ ሕፃኑ በር ነው ብሎ የሚሄደው ደረጃው አፋፍ ላይ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። በግራ በኩል ቆማ ስለነበር ዞራ መጣችና በቀኝ በኩል ደገመችለት። እንደገና ነቀነቀ።

ለዚህ ሥራ ያወጣው እንጨት ዝም ብሎ እንጨት አልነበረም። ማተሚያ ቤቱ የድሮውን የወረቀት መቁረጫ ጠረጴዛ ሊጥል ሲል ለምኖ ያመጣው ነው፤ የስንት ሠራተኛ ክንድ ሲያሻሸው የኖረ፣ እጅህን ስታሳርፍበት የሚለሰልስ። ከእሱ ሦስት ሰፋፊ ሳንቃ ወጣ። አራተኛ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ሳንቃ ሁለት ቀን ፈጅቶ ቀረጸው። ለዓይን ያምር ነበር። ልጃችን ግን በዓይን ብቻ አላመነችም፤ አብሯት የሚያስተምረውን የሂሳብ መምህር ይዛ መጣች። መምህሩ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ሳንቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጣቶቹን ከመግቢያው አስነስቶ ቀስ እያለ ተጓዘና ቆመ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። አንድ ነገር ልጠይቅ? ሽንት ቤት ለመግባት ደረጃ ልወጣ ነው?»

ልጃችን ጎንበስ ብላ አየች። ከመካከል ጀምሮ ያለው ሁሉ አንድ አውራ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ሄዷል።

«እንጨቱ ነው፤ አንጓ አለበት» አለ ባሌ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

መምህሩ ነገር አላበዛም። «ሁለተኛውን ሲሠሩ መጥቼ ብቀመጥ ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ማሽን ሲሠራ ሰምቼ አላውቅም» አለ ብቻ።

በሦስተኛው ቀን መጣ። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ባሌ «ግር ካለ እርምጃ ዘለለ ማለት ነው» አለውና እንደ ልማዱ ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ ደግፎ፣ አንድ እጁን ቀዩ ቁልፍ ላይ አድርጎ ቆመ። እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ማሽኑ የታችኛውን ፎቅ ጨርሶ ወደ ደረጃው እየሄደ ነበር። ግር አለ።

«አሁን ዘለለ» አለ መምህሩ።

ባሌ አልተነቃነቀም።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ዘለለ!»

ያኔ ቀና አለ። መጀመሪያ መምህሩን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ሞተሩን አየ። «ሰምቻለሁ» አለ። «ትንሽ ናት፤ ምንም አትልም ብዬ ነው።»

እጁ ቀዩ ቁልፍ ላይ ነው። ቢጫነው ያልቃል። ቢጫነው ግን «አልሰማሁም ነበር» ማለት ሊሆንበት ነው። አልተጫነውም። ማሽኑም አሥር ደቂቃ ያህል ደረጃውን በስህተት ቦታ ላይ አሳምሮ ቀረጸ። ሦስታችንም እናውቃለን። እኔ የሻዩን ትሪ እንደያዝኩ ቀረሁ። ሁለተኛው ሳንቃ እንዲህ ሆኖ ሄደ።

መምህሩን ሸኝቼ ስመለስ ደሜ ፈልቶ ነበር። በግራ ሳይሆን በቀኝ በኩል ቆምኩበት።

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ከሰማህ ለምን አላቆምከውም?»

 ወደ ግቢ ወጣና የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ካቻቪቴውን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ንጹሕ የነበረ ካቻቪቴ ነው። የምናገረው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ግን በመስኮት ሳየው አንጀቴን በላው። ሠላሳ አራት ዓመት «ጆሮው ይምጣ» ሲባል የኖረ ሰው፣ ጆሮ የለኝም ብሎ ከየት ይጀምር? እኔስ ብሆን፣ በስፌት የኖርኩ ሰው፣ እጄ አይታዘዝም ማለት ይቀለኛል? ሻዩን እንደገና አሙቄ ወሰድኩለትና አጠገቡ አስቀምጬ ገባሁ።

እኔ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መስመር ኃላፊ ነኝ። ስለ ሞተር ብዙ አላውቅም፤ ሰርቮ የሚባለውን ግን አውቀዋለሁ። ድሮ የስፌት ማሽኖቻችን ሞተር ሰፋንም አልሰፋንም ቀኑን ሙሉ ያጓራ ነበር። ከዚያ ሰርቮ አስገቡልን፤ ፔዳሉ ካልተረገጠ ትንፍሽ አይልም። ጨርቅ የሚቆርጠው ትልቁ ማሽን ላይ ያሉት ሰርቮዎች ደግሞ ጭራቸው ላይ ቆጣሪ አላቸው። የፋብሪካው መካኒክ አንድ ቀን አስረድቶኛል። ቆጣሪው ሞተሩ ስንት እንደዞረ በየቅጽበቱ ይናገራል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ሞተሩ ጉልበት ጨምሮ ይደርሳል፣ መድረስ ካቃተው ደግሞ ራሱ ቆሞ ቀይ መብራት ያበራል። በአጭሩ፣ ስቴፐር ዕቃ ግዛ ብለህ ልከኸው ሳይገዛ «ገዝቻለሁ» የሚል ልጅ ነው። ሰርቮ «ሱቁ ተዘግቷል» ብሎ ተመልሶ ይመጣል።

አሮጌው የጨርቅ መቁረጫ ተነቅሎ መጋዘን ከተጣለ ዓመት አልፎታል። ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኩ፣ የመውጫ ወረቀት አጻፍኩ፣ መካኒኩን አስፈታሁ። ሦስቱን ሞተር ከነመቆጣጠሪያቸውና ከነገመዳቸው በሁለት የጨርቅ ከረጢት ከትቼ፣ ትከሻዬ እስኪገነጠል ተሸክሜ ገባሁ። ሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው።

ባሌ አንዱን አንስቶ አየና ሽንጡን ገትሮ ክርክር ጀመረ።

«ይሄ የፋብሪካ ነገር ነው። ለቤት ማሽን ስቴፐር ይበቃል። ቀላል ነው፤ ሽቦውን አገናኝተሽ ትሄጃለሽ። ሰርቮ ማስተካከል ይፈልጋል። ካልተስተካከለ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል፣ ያሳብድሻል። ማሽኑን ካላጣደፍሽውና ጆሮ ካለሽ ስቴፐር ምን ይጎድለዋል?»

እውነቱን ነው። ጆሮ ካለሽ።

«እሱማ ነው» አልኩና ትቼው ወጣሁ። ስወጣ ግን በግራ በኩል አለፍኩ፤ «ሦስተኛው ሳንቃ ከተበላሸ ልጅህ ፊት እንዴት እንደምትቆም አያለሁ» አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ የኋላው ክፍል በር ተከፍቷል። ባሌ ጋዜጣ ዘርግቶ አንዱን ሰርቮ ፈታቶታል። ይህን እጠብቅ ነበር፤ ያልፈታው ሞተር ፊቱ ተቀምጦ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ነይ እይ!» አለኝ። ጭራው ውስጥ ካለው ቆጣሪ አንዲት ክብ መስታወት ብቅ ብላለች። ዙሪያዋን ከፀጉር የቀጠነ መስመር ተደርድሮባታል። «እነዚህን ነው የሚቆጥረው። በየቅጽበቱ! ይሄን ያሰበው ሰውዬ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ያለው?» ለስቴፐር ጥብቅና የቆመው የትናንቱ ሰውዬ የት እንደገባ እንጃ። እኔም አላስታወስኩትም።

ሞተሮቹን ቀይሮ ማስተካከሉ አራት ቀን ወሰደ። ያለው ሁሉ ደረሰ። ጉልበታቸውን ሲያበዛው ጠረጴዛው ይንዘፈዘፋል፤ እኔ ማድቤት ሆኜ ጥርሴን እስኪያንገጫግጨኝ ይጮሃሉ። ሲያሳንሰው ደግሞ ይዝላሉ፤ ቀጥ ያለው መስመር ይወላገዳል። በድሮ ጊዜ ቢሆን ካቻቪቴውን አንስቶ በጆሮው ነበር የሚያስተካክለው። መጀመሪያ ቀን ሞከረ፤ ደጋግሞ ደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቆየ። ከዚያ ካቻቪቴውን ግድግዳው ላይ ሰቀለውና፦

«አንድ ብርጭቆ ውኃ ስጪኝ» አለ።

አመጣሁለት። አልጠጣውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና መዳፉን ከጎኑ አሳርፎ ማሽኑን አስነሳ። ውኃው ላይ የሚመጣውን ሞገድ ያያል፣ ቁጥሩን ትንሽ ይቀንሳል፣ እንደገና ያያል። በአራተኛው ቀን ጭንቅላቱ ከዳር እስከ ዳር ሲሮጥ ውኃው ፀጥ እንዳለ ነበር። ባሌ ብርጭቆውን አነሳና ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

ቀጥሎ መቁረጫውን አጠፋና በጭንቅላቱ መንገድ ላይ ወፍራም ግንድ ደቀነ። ጭንቅላቱ መጣ፣ ግንዱን ገፋ፣ አጓራ፣ ቆመ። ቀይ መብራት በራ።

«አየሽ? አየሽ?» አለ እየሳቀ። «አልቻልኩም አለ! ሳያፍር!»

ግንዱን አንስቶ ደገመው። አምስት ጊዜ ደገመው፤ መብራቱ በበራ ቁጥር እንደ ልጅ ይፈነጥዛል። በመጨረሻው ጊዜ ግን አልሳቀም። መብራቱን ትክ ብሎ እያየ «ሳያፍር» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ በቀኝ በኩል ነበርኩ፤ ብናገር ይሰማኝ ነበር። 

ሦስተኛው ሳንቃ ጠረጴዛው ላይ ሲታሰር ትምህርት ሊጀመር ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ማሽኑ ሲሠራ ባሌ ተቀምጦ ያየሁት ያኔ ነው። ወንበር አምጥቶ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ሻዩን ፉት እያለ ይመለከታል። በሁለተኛው ቀን ደረጃው ላይ ሲደርስ ቀዩ መብራት በራ።  እሱ ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ፣ ማሽኑን አጠፋ፣ አንጓው ላይ የተወተፈውን ስባሪ በወረንጦ ነቀለ፣ ጭንቅላቱን ወደ መነሻው መልሶ ለካ፣ ከቆመበት አስቀጠለው። ሲያልቅ ልጃችን በማስመሪያ እያንዳንዱን በር ለካች። ከዚያ አባቷን አቀፈችውና የእንጨት ብናኝ ለብሳ ሄደች።

ካርታው የተሰቀለው ልጆቹ ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀር ነው። መምህሩ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ሆን ብሎ ነው የጠበቀው። ዱላውን ክንዱ ላይ አንጠለጠለና በሁለት እጁ ማንበብ ጀመረ። መግቢያውን፣ ኮሪደሩን፣ በሮቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሸንተረሩን፣ ከዚያ ላይኛውን ፎቅ። አንዴ ተመልሶ ደረጃውን ዳሰሰ። ዱላውን ይዞ ሄደ። ልጃችን ልትከተለው ስትል «ተይኝ» አላት።

ሦስታችን ካርታው ሥር ቀረን። የዱላው ኳኳታ ኮሪደሩን ሲጨርስ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ደረጃው ላይ ሲደርስ ይሰማኛል። ትንሽ ቆመ። ከዚያ መውጣት ጀመረ። ባሌ ይህ ሁሉ አይሰማውም፤ ዓይኑን ፊቴ ላይ ተክሎ ከእኔ ሊያነብ ይሞክራል። ዱላው ከጭንቅላታችን በላይ አለፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በር። በር ተከፈተ።

«ጋሼ!» አለ መምህሩ ከላይ። «ክፍሌ ውስጥ ነኝ! ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ!»

ልጃችን ወደ አባቷ ዞራ ራሷን በኃይል ነቀነቀችለት። የባሌ ትከሻ ዝቅ አለ፤ አንድ ወር ሙሉ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ እንደ ልማዴ በግራ በኩል ነበርኩ፤ እንደ ልማዴም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ኮራሁብህ፣ አንተ ደረቅ ሰውዬ» አልኩ።

ዞረ።

«አልሰማሁም» አለ። «ድገሚልኝ።»

ልጃችን እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን። «እንሂድ ነው ያልኩት» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶም ነበር። ግን ሰውዬው ቀይ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። ያ ሁሉ ዓመት ያልወጣው ቃል ከአፉ ወጥቷል፤ አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው።

«ኮራሁብህ!» አልኩ። ባዶው ኮሪደር ተቀብሎ እስከ ዳር አደረሰው። «ኮራሁብህ አልኩህ!»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ እትዬ!» አለ መምህሩ ከፎቅ።

ባሌ ሳቀ። ሁለቱንም ትከሻዬን ያዘና፣ ዕቃ እንደሚያዛውር ሰው፣ ከግራው አንስቶ በቀኙ በኩል አቆመኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በኩል ቁሚ» አለ። «ስድቡም ቢሆን አያምልጠኝ።»